የእሳት እራት ፍለጋ፦ ስድስት ቀን ከጎንደር እስከ ጎርጎራ

አሥራ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ርክበ ብናኝ (የአበባ ብናኝ ከአበባ ወደ አበባ የሚደርስበት መንገድ) የሚለው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ሰሌዳው ላይ ሁልጊዜ የምስለው ንብ ነው። ንብ፣ አበባ፣ ቀስት። አንድ ቀን አንዲት ተማሪዬ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ ማታ የሚያብቡትንስ ማን ያገናኛቸዋል?" አለችኝ። "የእሳት እራት" አልኳት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ለምን እንደሳቁ ገባኝ። የእሳት እራት ለኛ አምፖል ላይ ተጋጭታ የምትሞት ነገር ናት። ስም ያወጣንላትም በሞቷ ነው።

መልሱን የማውቀው ከመጽሐፍ ነው። በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ይሄ ነገር ሲከነክነኝ ከረመ። በመጨረሻ ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ፈቃድ ጠየቅሁና አክስቴ ወዳለችበት ወደ ጎንደር ሄድኩ። ጨረቃ የምታንስበትን ሳምንት የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 23፦ ከአዘዞ ጃንተከል

አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ስወርድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነበር። ባለታክሲው እስከ ቁስቋም መንገድ 250 ብር አለኝ፤ በ180 ተስማማን። አደይ አበባ ገና አልረገፈም። አዲስ አበባ ለእንቁጣጣሽ እየገዛን የምንይዘው አበባ እዚህ መንገዱን ግራና ቀኝ ሞልቶታል።

አክስቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። "ከሳህ፣ አንተ ልጅ" አለች። ቀኑ ጾም ስለሆነ ሽሮ፣ ጎመንና ተልባ አቀረበች። "በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤ የነገ ሰው ይበለን" ብላ ለቅዳሜ ቃል ገባችልኝ።

ከሰዓት በኋላ ጃንተከል ዋርካ ሥር ተቀመጥኩ። ከግንቡ አጠገብ ያለውን ይህን ዋርካ የማያውቅ ጎንደሬ የለም። ማኪያቶ 12 ብር ነበር፤ እኔ ሰፈር ያኔ 18 ገብቶ ነበር። ብዙ ሰው ለጥላው ይመጣል። እኔ ግን ዓይኔ መሬት መሬት ያይ ነበር። የወደቁ ፍሬዎች አሉ። አንዱን አነሳሁና በአውራ ጣቴ ጥፍር ለሁለት ከፈልኩት።

ውስጡ ጸጉር የመሰለ ነገር ተጨናንቆበታል። እያንዳንዱ ጸጉር አንድ አበባ ነው። ዋርካ፣ ሾላና ጭብሃ አበባቸውን ለሰው አያሳዩም። ፍሬ የምንለው ነገር ወደ ውስጥ የተገለበጠ የአበባ እቅፍ ነው። ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ ጥቁር ተርብ ከተከፈለው ጎን ወጣችና ጥፍሬ ላይ ትንሽ ሄደች። ክንፏን አራገፈች። ከዚያ ነፋሱ ወሰዳት።

የዚች ተርብ ሕይወት ይገርማል። እናቷ ጫፉ ላይ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ታግላ ስትገባ ክንፏ እዚያው ይቀራል። ከሌላ ዋርካ ያመጣችውን ብናኝ አበቦቹ ላይ ታደርጋለች፤ ከፊሎቹ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች፤ እዚያው ትሞታለች። ወንዶቹ ክንፍ ሳያበቅሉ ይፈለፈላሉ። ከሴቶቹ ጋር ይራከባሉ፣ መውጫ ይቆፍሩላቸዋል፣ እነሱም እዚያው ይሞታሉ። ሴቶቹ ብናኝ ተሸክመው ይበራሉ። በዓለም ላይ ከ750 በላይ የዋርካ ዘመዶች አሉ፤ አብዛኞቹ የየራሳቸው ተርብ አላቸው። ተርቧ ከሌለች ዘር የለም። ጥንት ወደ ግብፅ የተወሰደው ሾላ ተርቡ አብራው አልሄደችም። ስለዚህ ግብፆች ፍሬው እንዲበስል በስለት ይበጡት ነበር፤ ዛፉን የሚያራቡት ደግሞ ቅርንጫፍ እየቆረጡ በመትከል ነው።

አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ እጄን ሲያዩ ቆይተው "ትል አለው፣ አይበላም" አሉኝ። ትሏ ተርብ መሆኗን፣ እሷ ባትኖር ዋርካውም እንደማይኖር ነገርኳቸው። ቀና ብለው ዛፉን ለረጅም ጊዜ አዩት። "ይሄን ሁሉ እሷ?" አሉ።

ማታ አንዲት የእሳት እራት ሳሎን ገባች። አክስቴ በነጠላዋ ጫፍ መታቻት። ምንም አላልኩም፤ ገና የመጀመሪያ ቀኔ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 24፦ ፋሲል መዋኛ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ገበያ

ጠዋት ፋሲል መዋኛ ሄድኩ። ውሃ የሚሞላው ለጥምቀት ስለሆነ ገንዳው ደረቅ ነበር። ሰው ፎቶ የሚነሳው ግንቡን አቅፈው የያዙት ሥሮች ጋ ነው። እነሱም የዋርካ ወገን ናቸው። የዋርካ ዘር ትንሽ ናት፤ ፍሬውን የበላ ወፍ የትም ቢጥላት፣ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥም ቢሆን ትበቅላለች። ሥሩ የግንቡን ድንጋይ በአንድ በኩል ያላቅቃል፣ በሌላ በኩል ጠፍንጎ ይይዛል።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስገባ ቅዳሴ አልቆ ነበር። ከጣሪያው የሚያዩትን የመላእክት ፊቶች ስንት ጊዜ ባያቸው አልጠግባቸውም። ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል ይህቺን ቤተ ክርስቲያን ያዳናት የንብ መንጋ ነው ይባላል። ከልጅነቴ የሰማሁት ታሪክ ነው። ዘንድሮ ግን ቅጥሩ ውስጥ ቆሜ ንቦቹ የት ይውሉ እንደነበር አሰብኩ። ቅጥሩ ውስጥ ያለው ጽድ በነፋስ የሚራባ ዛፍ ነው፤ ለንብ የሚሰጠው ማር የለውም። ንብ እንዲኖር ሥሩ ቁጥቋጦ፣ አደይ፣ ጠምበለል ያስፈልጋል። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይህን ሁሉ አብሮ ስለሚጠብቅ ነው እንዲህ የምወደው።

ቅዳሜ ገበያ አንድ ኪሎ ማር በ220 ብር ገዛሁ። ሻጯ በጣቷ አቅምሳኝ "የዘንድሮ ነው፣ የአደይ ነው" አለችኝ። ከአዲስ አበባው ቀለል ይላል። ማታ አክስቴ ቃሏን ጠበቀች። ቅቅል ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 25፦ በደምቢያ ወደ ጎርጎራ

እሑድ መኪና ይጠፋል ብለውኝ ነበር፤ እውነታቸውን ነው። አዘዞ ላይ ሚኒባሱ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ታሪፉ 45 ብር ነበር፣ ለሻንጣ 10 ብር ጨመርኩ። ከቆላ ድባ አለፍ እንዳልን የኋላው ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማ ነበር፤ ክሪክ ግን የለም። ረዳቱ በእግሩ ወደ ከተማ ሊበደር ሄደ።

እኔ በበኩሌ ደስ አለኝ፤ የቆምነው ኑግ እርሻ ዳር ነው። ሜዳው እስከ ዓይን መድረሻ ቢጫ ነው። ሳልገባበት ከሩቅ ይሰማል፤ ጉምጉምታው እንደ ራቀ ማኅበር ነው። ኑግ የራሱን ብናኝ አይቀበልም። ከሌላ ተክል መምጣት አለበት፣ የሚያመጣለትም በአብዛኛው ንብ ነው። አንድ ገበሬ በሬዎቹን እየነዳ ሲያልፍ ቆመ። "ንብ የራቀው ኑግ ገለባ ነው" አለኝ። ከኔ የመማሪያ መጽሐፍ በላይ አሳጥሮ ተናገረው። ከዚያ ጎረቤቱ ሽምብራው ላይ በጠራራ ፀሐይ መድኃኒት እየረጨ ንቦቹን እንደፈጀበት ነገረኝ። "በማታ ቢረጭ ምን ነበረበት? ንብ በማታ ቤቷ ናት" አለ። ልክ ነው። ግን የማታዎቹን ማን ያስባቸዋል ብዬ በልቤ አልኩ።

ጎርጎራ የደረስነው 9 ሰዓት ላይ ነው። ጣና በአንዳንድ ዳርቻው እምቦጭ የሚባለውን አረም ለብሶ ነበር። ሰዎች እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ይነቅሉ ነበር። ማየቱ ያማል።

አልጋ በ250 ብር ያዝኩና ምሳ ፍለጋ ወጣሁ። ዓሣ የምትጠብስ ሴት ቤት ገባሁ። ሙሉ ቆሮሶ 70 ብር ነበር፣ ከዳጣ ጋር። አዲስ አበባ ያኔም ቢሆን ይህንን ዓሣ በዚህ ዋጋ ማን ያበላ ነበር? ትኩስ ነው፤ ጠዋት የተሰገረ። ጓሮዋ ውስጥ ሦስት ፓፓያዎች አየሁ። ቁመታቸው ያምራል፤ ፍሬ ግን የላቸውም። ግንዱ ሥር የረገፈ አበባ ተነጥፏል።

"እትዬ፣ ፓፓያው ምን ሆነ?"

"እኔም አልገባኝም። ሁለት ዓመት በደንብ ሰጠን። ከአምና ጀምሮ ያብባል፣ ይረግፋል።"

"ወንዱስ የታለ?"

"ወንዱንማ ቆረጥነው። አበባ ብቻ እያንጠለጠለ ቦታ ይዞብን፤ የዶሮ ቤት ሠራንበት።"

ወንዴው ፓፓያ አያፈራም፣ እውነት ነው። ግን ብናኙ ያለው እሱ ጋ ነው። ፓፓያ ከአሜሪካ ሞቃታማ አገሮች የመጣ ተክል ነው፤ ኬንያ ውስጥ በተደረገ ጥናት ዋና አገናኞቹ ረጅም ምላስ ያላቸው ትልልቅ የእሳት እራቶች ሆነው ተገኝተዋል። ይህን ስነግራት እጇን አገጯ ላይ አደረገች። "የእሳት እራት? ይቺ መብራት ላይ የምትከሰከሰዋ?" ከዚያ አጥሩን አሳየችኝ። ጎረቤቷ ግቢ ውስጥ ዘንድሮ ገና ማበብ የጀመረ ወንዴ ፓፓያ አለ።

የዚያን ምሽት ሥራዬን በማረፊያዬ ግቢ ጀመርኩ። አጥሩ ላይ ጠምበለል ተንጠላጥሏል፤ ነጭ ነው፣ ቱቦው ረጅም ነው፣ ሲመሽ ሽታው ይበረታል። ለማታ ጎብኚ የተሠራ አበባ ማለት ይሄ ነው። እስከ 3 ሰዓት ተቀመጥኩ። አንድም አልመጣችም። ሁሉም ያሉት በሩ ላይ ካለው ፓውዛ ዙሪያ ነው። ጠዋት ስነሳ ከፓውዛው ሥር የሞቱትን ዶሮዎች ይለቅሙ ነበር። ቆጠርኩ፤ ከመቶ በላይ ሆኑብኝና ተውኩት። ስዊዘርላንድ ውስጥ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት መብራት የበራበት መስክ ላይ የማታ ነፍሳት አበባን የሚጎበኙበት ብዛት በ62 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል። አንብቤዋለሁ። የዶሮዎቹን አፍ ሳይ ግን ቁጥሩ ሌላ ሆነብኝ።

ዘበኛውን ማታ እንዲያጠፋው ለመንኩት። "ሌባ ቢመጣስ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ወደ ሰማይ የሚያበራውን ወደ መሬት እንዲያዞረው ተስማማን። እሱንም በደስታ አደረገው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 26፦ መብራት የጠፋበት ማታ

ጠዋት ደብረ ሲና ማርያም ሄድኩ። በሣር የተከደነች ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ውስጧ በሥዕል የተሞላ ነው። አንድ የቆሎ ተማሪ አስጎበኘኝ። ከዛፎቹ ማታ የሚሸት የትኛው ነው ስለው ሳያመነታ "አጋም" አለ። "ለሊት ለኪዳን ስንነሳ ይሸተናል።" የአጋም አበባም ነጭ ነው፣ ባለ ቱቦ ነው። ልጁ ለሊት የሚነቃ ሰው ስለሆነ ለሊት የሚሆነውን ያውቃል።

ከሰዓት ዓሣ ቤቷ ተመለስኩ። ሴትዮዋ ዓሣ ስትጠብስ የዘይቱን ጀሪካን አየሁት። የፓልም ዘይት ነው። አሥረኛ ክፍል ለሆነው ልጇ ታሪኩን ነገርኩት። የፓልም ዛፍ አገሩ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ነው። ወደ ማሌዢያ ሲወሰድ ነፍሳቱ አብረውት አልሄዱም። ስለዚህ ሠራተኞች በየዛፉ እየዞሩ በእጃቸው ብናኝ ይነሰንሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ከካሜሩን አንዲት ትንሽ ነቀዝ ተወስዳ ተለቀቀች፤ የእጁ ሥራ ቀረ። "ስለዚህ ይሄ ዘይት የነቀዝ ነው?" አለኝ ልጁ። አዎ፣ ከአንድ ነቀዝ ጋር የተያያዘ ነው።

ከዚያ ወሬው ወደ ሞቃታማ ደን ሄደ። እዚያ የአንድ ዓይነት ዛፎች ተራርቀው ነው የሚቆሙት፤ በመካከላቸው ሌላ መቶ ዓይነት ዛፍ አለ። ጥቅጥቅ ባለው ደን ውስጥ ነፋስ አቅም የለውም። ስለዚህ ዛፎቹ መልእክተኛ ይፈልጋሉ። በሞቃታማ አገሮች ከሚያብቡት ተክሎች 94 በመቶ የሚሆኑት በእንስሳት፣ በተለይ በነፍሳት ይተማመናሉ ተብሎ ይገመታል። በማሌዢያ ደኖች ሾሪያ የሚባሉ ግዙፍ ዛፎች አሉ፤ ከእነሱ አንዳንዶቹን የሚያራባቸው ትሪፕስ የሚባል ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ነፍሳት ነው። በማዳጋስካር ደግሞ አብዛኞቹ የባኦባብ ዓይነቶች ሲመሽ የሚያብቡት ለትልልቅ የእሳት እራቶች ነው። እንዲህ ያለ የእሳት እራት በአንድ ማታ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ ከዛፍ ዛፍ ይደርሳል። ለተራራቀ ዛፍ ከዚህ የተሻለ መልእክተኛ የለም።

ምሽት 12 ሰዓት ላይ ጎረቤቱን አስፈቅደን ወንዴው ፓፓያ ሥር በርጩማ አወጣን። ባትሪዬን በቀይ ፌስታል ሸፈንኩት፤ ቀይ ብርሃን ብዙ አይረብሻቸውም። የወንዴው አበቦች በረጅም ክር እንደ ጉትቻ ተንጠልጥለዋል፤ ቱቦአቸው ቀጭን ነው፣ ሽታቸው ጣፋጭ ነው። ጠበቅን። ምንም የለም። ፓውዛው ከሩቅ ይታየኛል።

12 ሰዓት ከ40 ሲሆን መብራት ጠፋ። ሰፈሩ በአንድ ድምፅ "ኡፍ!" አለ። ሴትዮዋ ሻማ ልታመጣ ተነሳች። "ይቅር እትዬ፣ ትንሽ ይቆይ" አልኳት።

አምስት ደቂቃ እንኳን አልሞላም። መጀመሪያ የሰማነው ድምፅ ነው፤ እንደ ትንሽ ማራገቢያ። ከዚያ ልጁ ክንዴን ጨበጠኝ። አንዷ አበባው ፊት አየር ላይ ቆማለች። አላረፈችም። ሰውነቷ የአውራ ጣት ያህላል፣ ግራጫ ነው፣ ሆዷ ግራና ቀኝ ሮዝ መስመር አለው። ክንፏ አይታይም፣ ጭጋግ ብቻ ነው። ከግንባሯ ሥር እንደ ሰዓት ሞላ የተጠቀለለው ምላሷ ተዘረጋ። ከሰውነቷ ይረዝማል። ጫፉን ቱቦው ውስጥ አስገባች፣ ሁለት ሦስት ቆጠርኩ፣ አወጣች፣ ወደሚቀጥለው። ፊቷ ላይ ቢጫ ዱቄት አየሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሰሌዳ ላይ ያልሳልኩት ይሄ ነው።

ከዚያ አጥሩን ዘልላ ወደ ሴትዮዋ ግቢ ገባች። ቀስ ብለን ተከተልናት። ሴቴዋ ፓፓያ አበባዋ ግንዱ ላይ የተለጠፈ ነው፤ ይተልቃል፣ ግን ጣፋጭ ፈሳሽ የለውም። ወንዴውን ስለምትመስል ብቻ የእሳት እራቷ ትሞክራታለች። ሞከረቻት። ምንም አላገኘችም፣ ሄደች። ብናኙ ግን ሳይደርስ አይቀርም።

ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። "በየማታው ትመጣ ነበር ማለት ነው?" አለች። "እኛ አናያትም እንጂ።"

መብራቱ እስኪመጣ ሰባት ቆጠርን። በጨለማ ተቀምጠን ስለ ዳርዊን አወራኋቸው። እ.ኤ.አ. በ1862 ከማዳጋስካር የመጣ ኦርኪድ የሚባል አበባ ደረሰው፤ ጣፋጩ ፈሳሽ ያለው 30 ሴንቲ ሜትር በሚደርስ ቱቦ ጫፍ ላይ ነው። ይህን የሚደርስበት ምላስ ያላት የእሳት እራት መኖር አለባት አለ። እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1903፣ እንዲህ ያለችው የእሳት እራት ስም ወጣላት። ልጁ ክንዱን ዘርግቶ 30 ሴንቲ ሜትር ለካ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 27፦ መመለስ

የጠዋቱ ሚኒባስ ቶሎ ሞላ። ከመውጣቴ በፊት ሴትዮዋ ከሌላ ጎረቤት የበሰለ ፓፓያ አምጥታ ዘሩን በወረቀት ጠቀለለች። ዘሩ ወንድ ይሁን ሴት ሳያብብ እንደማይለይ ነገርኳት። ብዙ ይተክላሉ፣ ሲያብብ ለአሥር ሴቴ አንድ ወንዴ ያስቀራሉ። ለዓሣው የሁለት ቀን ሒሳብ 210 ብር ከፈልኩ። የሻዩን ግን አልተቀበለችኝም።

ጎንደር ስደርስ ሻንጣዬ ውስጥ የአክስቴ ልጅ የሰጠችኝ ሹራብ ማር በማር ሆኗል። የገበያውን ማር ይዤ መዞሬ ስህተት ነበር። ክዳኑ ጎማው ከፈነዳበት ቦታ ሳይላላ አልቀረም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 28፦ ኮሶዬ

ከጎንደር ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በደባርቅ መኪና 25 ብር ነበር። ከጣና ዳር በኋላ ብርዱ ፊት ይቆርጣል። የመጣሁት ኮሶን ለማየት ነው። ኮሶም እንደ ፓፓያ ወንድና ሴት አለው። የሴቴው አበባ ቀላ ያለና የከበደ ነው፤ አያቶቻችን ለትል የጠጡት እሱን ነው። የወንዴው ሳሳ ያለ ነው። ኮሶ ግን በደጋው ነፋስ ላይ ይተማመናል፤ ብናኙን የሚበትንለት እሱ ነው። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሜ ነፋሱ ጃኬቴን ሲነፋው የጎርጎራው ጸጥታ ትዝ አለኝ። ምሳዬ ሽሮ ነበር፣ 30 ብር፣ ትኩስ፣ ጢሱ የሚሸት።

ማታ አክስቴ ቤት እንደገና አንዲት የእሳት እራት ገባች። አክስቴ ነጠላዋን አነሳች፣ ወደኔ አየች፣ አስቀመጠችው። አምፖሉን አጥፍታ መስኮቱን ከፈተች።

ከተመለስኩ በሦስተኛው ሳምንት ከጎርጎራ ተደወለልኝ። ከሦስቱ ፓፓያዎች በአንዷ ላይ የረገፈው አበባ ቦታ አተር የሚያህል ፍሬ ቀርቷል፤ አራት ናቸው። ጎረቤትየው ግን ዛፉ ወንድ መሆኑን ሲሰማ ሊቆርጠው መጥረቢያ አንስቶ ነበር። "ታዲያ ምን አደረግሽ እትዬ?" አልኳት።

"በየቅዳሜው አንድ ቆሮሶ ልሰጠው ተስማማን" አለችኝ።